የሰው እንጀራ የያዝህ ሆይ፣ ተመለስ

የሥራ ማስታወቂያ አውጥተህ የሚቀጠረውን ሰው ግን አስቀድመህ በልብህ የቀጠርህ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆይ፣ ይህ ቃል በመጀመሪያ ለአንተ ነው። ሥራ አስገባሃለሁ ብለህ የድኻ ልጅ የወር ደመወዝ የተቀበልህ ደላላም፣ «የእኔን ልጅ አደራ» እያልህ ስልክ የምታነሣ ሹምም፣ በገዛኸው ዲግሪ የተሰለፍህ አመልካችም ድርሻችሁን ታገኛላችሁ። ብዕሩና ማኅተሙ ያለው በአንተ እጅ ነውና ከአንተ እጀምራለሁ።

የተቀመጥህበት ወንበር የፍርድ ወንበር ነው። አንድ ወጣት አንተ በምትፈርመው ወረቀት ቤት ይከራያል፣ እናቱን ያሳክማል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል። ሳትፈርምለት ስትቀር ሌላ አንድ ዓመት በአጎቱ ቤት ተጠግቶ ያድራል፤ የአጎቱን ሚስት ፊት እያየ ይበላል። የሰው ፊት እሳት መሆኑን አንተም ሥራ ፈላጊ ሆነህ በነበርህ ጊዜ ቀምሰኸዋል። ይህን ሥልጣን የተሰጠኸው የሚችለውን ሰው ፈልገህ እንድታመጣ ነው። ከዚህ ውጭ ምንም አልተሰጠህም።

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ ሰዎች መርጠህ ሥራውን አካፍላቸው ብሎ ሲመክረው መስፈርቱንም አብሮ ነገረው። የሚችሉ ይሁኑ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ይሁኑ፣ እውነተኞች ይሁኑ፣ በግፍ የሚገኝ ጥቅም የሚጠሉ ይሁኑ አለው። ዮቶር የሙሴ የቅርብ ዘመድ ነበር፤ ለራሱ ወገን ግን አንድ ቦታ አልጠየቀም። ምክሩን ሰጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው። ለአንተ ስልክ የሚደውሉልህ ዘመዶች ከዚህ ሰው ጋር ምን ያመሳስላቸዋል?

እስቲ ማስታወቂያህን እናንብበው። የሥራ መደቡ መጠሪያ ተጽፏል፣ ብዛት 1 ይላል፣ ደመወዝ በስምምነት፣ ምዝገባው ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዘው በአካል እንዲቀርቡ ያዝዛል። ከታች «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚል አለበት። በጋዜጣ ወጥቷል፤ በቴሌግራም ቻናሎችም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል።

ይህን ያየ ደሴ ያለ ልጅ ይነሣል። ኮፒ ቤት ገብቶ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቱን ያባዛል። የመንገድ ገንዘብ ይበደራል። ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ይደርሳል። አዲስ አበባ ሲገባ መሽቷል፤ ደውሎ የሚያድርበትን ዘመድ ያስቸግራል። በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤትህ በር ላይ ጥበቃው «ሰልፍህን ያዝ» ይለዋል። ተራው ሲደርስ መዝጋቢዋ ዋናውን ከኮፒው አስተያይታ ስሙን በትልቁ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር 214 አድርጋ ትጽፈዋለች። ልጁ አመስግኖ ይወጣል። አንተ በዚያች ሰዓት ያ የሥራ መደብ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። የቀረው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው የተጠራው ለዚያ ለአንዱ ሰው ምስክር እንዲሆን ነው፤ «በውድድር ገባ» እንዲባልለት።

የዚያ ልጅ ገንዘብ የት ሄደ? ሹፌሩ ያደረሰበትን ዋጋ ተቀበለ፣ ኮፒ ቤቱም የሠራበትን ተቀበለ። ብሩን በከንቱ እንዲያወጣ ያደረገው ግን ያንተ ውሸት ነውና ዕዳው ባንተ ላይ ተጽፏል። «እኔ ከማንም አምስት ሳንቲም አልወሰድሁም» ትላለህ። አልወሰድህ ይሆናል፤ ግን ከ213 ሰው ኪስ እንዲወጣ አድርገሃል። ገንዘቡ በኪስህ አለመግባቱ ከስርቆት ነፃ አያደርግህም። ቀድሞ ሰው የተያዘለትን ቦታ በግልጽ የውስጥ ዕድገት ብትለው፣ ወይም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ በዝውውር ብትሞላው ማን ከለከለህ? ክፍት ያልሆነን በር ክፍት ነው ብለህ ማወጅህ ነው በደሉ።

ፈተናው ሲደርስ ደግሞ በደሉ ሥርዓት ይለብሳል። የጽሑፉ ከ60፣ ቃለ መጠይቁ ከ40 ይያዛል። በጽሑፉ ያንተ ሰው ሰባተኛ ወጣ እንበል። ቃለ መጠይቁ ለምን 40 እንደተያዘለት የሚገለጠው ይሄኔ ነው። ሦስት ፈታኞች ትቀመጣላችሁ፤ የነጥብ መስጫው ቅጽ በፊታችሁ ተዘርግቷል። የሙያ ዕውቀት 20፣ የአነጋገር ችሎታ 10፣ በራስ መተማመን 5፣ አቀራረብ 5። ቅጹ የሚሞላው በእርሳስ ነው፤ ለምን በእርሳስ እንደሆነ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ተፈታኞቹ ከወጡ በኋላ አንደኛ የወጣችው ልጅ ስንት እንዳላት ይደመራል፣ ያንተ ሰው ስንት እንደሚጎድለው ይሰላል፣ ከዚያ ላጲሱ ይነሣል። «ሙያውን ታውቃለች፤ አነጋገርና በራስ መተማመን ግን ይጎድላታል» ይባልና የእርሷ 36 ወደ 24 ይወርዳል። የእርሱ 22 ወደ 38 ይወጣል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ይደመቅበታል። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ሦስታችሁም ትፈርማላችሁ።

ከሦስቱ አንዱ ምናልባት ልቡ አልፈቀደም፤ አለቃውን ፈርቶ ፈረመ። አንተ የፈራኸው ወንድሜ፣ ፊርማህ እንደ ሌሎቹ ፊርማ ሙሉ ፊርማ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የልዩነት ሐሳብህን ማስመዝገብ ትችል ነበር። አንድ መስመር ብትጽፍ ያ ውሳኔ ምናልባት ባልጸደቀም ነበር። ዝምታህን ትሕትና አድርገህ አትቁጠረው። እንጀራዬን ላለማጣት ነው ካልህ፣ የራስህን እንጀራ በዚያች ልጅ እንጀራ እንደለወጥህ እወቅ።

ስለዚያች ልጅ ዝም ብዬ አላልፍም። ውጤቱ ሲለጠፍ መጥታ ቦርዱ ላይ ስሟን ትፈልጋለች። ነጥቧን ታያለች። ሌብነቱን ስለማታውቅ ጥፋቱን ከራሷ ትፈልጋለች፤ «ቃለ መጠይቅ አልችልም» ትላለች። በሚቀጥለው ፈተና አንገቷን ደፍታ ትገባለች፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ በእውነትም ትወድቃለች። ከእርሷ የወሰድኸው አንድ የሥራ መደብ ብቻ መስሎህ ነበር። በአራት ዓመት ትምህርት ያገኘችውን በራስ መተማመን በላጲስ ፍቀህባታል። ይህን በምን ትመልሰዋለህ?

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እያልህ ራስህን ታጽናናለህ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ደጋግመህ ትናገረዋለህ። እነዚህ ተረቶች አባቶች ስለተናገሯቸው ጽድቅ አይሆኑም። አባቶች ክፉውንም አይተው ተርተዋል፤ የሰውን ጠባይ ለመናገር የተተረተውን አንተ ሕግ አድርገህ ያዝኸው። ሲሻር የሚቆጨው የበላ ሰው ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጅ የሚመላለሱትን የቀድሞ ኃላፊዎች ጠይቃቸው።

ሕጉም አልተወህም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሥልጣን አላግባብ መገልገልን፣ ጉቦ መቀበልን፣ በተሰሚነት መነገድን በወንጀል ያስቀጣል። የአክሲዮን ድርጅት ነንና መንግሥት አያገባውም የምትሉም ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የምትሠሩ ናችሁ፤ አዋጁ ሕዝባዊ ድርጅት ብሎ ጠርቷችኋል። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም በየጊዜው ሲሻሻል የኖረ ቢሆንም ከተወዳዳሪዎች መካከል ብልጫ ያገኘው ይቀጠር ከሚለው መርሕ አልወጣም። ነገር ግን ዛሬ የማስፈራራህ በእስር ቤት አይደለም። ሰው ያላየውን ቅጽ ያየ አምላክ አለ፤ ላጲስ የማይደርስበት መዝገብም አለው።

ገንዘብ የተቀበልኸው ደግሞ ግያዝን አስብ። ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ፣ ነቢዩ ኤልሳዕ እጅ መንሻውን አልቀበልም ብሎ በሰደደው ጊዜ አገልጋዩ ግያዝ ከኋላው ሮጠ። ጌታዬ ልኮኝ ነው ብሎ ዋሸ፤ ብሩንና ልብሱን ተቀብሎ ቤቱ ደበቀ። ኤልሳዕ ሲጠይቀውም የትም አልሄድሁም አለ። የንዕማን ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ተጣበቀ። አንተም የምትቀበለው እንዲሁ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በነጻ የሚሰጠውን ሥራ በጓሮ ሮጠህ ትሸጠዋለህ። ብሩ በአንተ ስም አይገባም፤ በሚስትህ ወንድም የባንክ ሒሳብ ያልፋል። በዚያ ገንዘብ የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ ትከፍላለህ። በሰው ልጅ ዕንባ ልጅህን አታስተምር።

ሌላም አለ። የአመልካቹን ስም አይተህ፣ የአባቱን ስም አይተህ፣ የተወለደበትን ዞን አይተህ ፋይሉን ወደ ጎን የምታደርግ አለህ። ነጥቡን ሳታነብ ቋንቋውን ትገምታለህ፣ ሃይማኖቱን ትገምታለህ፣ ከዚያ «የሚመጥን አላገኘንም» ብለህ ትጽፋለህ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ሰውን መለየት ከልክሏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብሏል። አንተ ግን ይህን በሚያህል አገራዊ ቁስል ላይ በየቀኑ በቢሮህ ውስጥ ጨው ትነሰንሳለህ። አንድ ልጅ በስሙ ብቻ ሲመለስ ወደ ቤቱ የሚወስደው ምሬት ከአንድ ሰው ጋር አይቀርም፤ ለወንድሞቹ ይነግራል፣ ለሠፈሩ ይነግራል። አገር እንዲህ ነው የሚፈርሰው።

የሴት ልጅን ገላ የሥራ መግቢያ ያደረግህ አንተ ደግሞ፣ ለአንተ የማለዝበው ቃል የለኝም። «ማታ ደውይልኝ፣ ስለ ውጤትሽ እንነጋገራለን» ብለህ ስልክህን በወረቀት ጽፈህ ሰጥተሃታል። እርሷ ሥራ ፈልጋ መጥታለች፤ አንተ የራሷንና የቤተ ሰቧን ችግር ወጥመድ አደረግህባት። እምቢ ካለች ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ እሺ ካለችህ ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመው ቁስል ሰጥተሃታል። አዋጅ 1156 ጾታዊ ትንኮሳን ከከለከላቸው ተግባራት ጋር ደምሮታል፤ ይህን የማያውቅ የሰው ሀብት ባለሙያ የለም። ቤትህ ሚስት አለችህ፣ ነገ ሥራ የምትፈልግ ሴት ልጅ አለችህ። ቁርባን አትቅረብ፣ መስጊድም በሰፈርህ ሰው ዘንድ ደግ ለመባል አትሂድ፤ አስቀድመህ ከዚህ ተመለስ።

«ልታገቢ ነው? ልትወልጂ አስበሻል?» ብለህ የምትጠይቀውም ይህንኑ መንገድ ጀምረሃል። ሕጉ ለምትወልድ ሴት 120 ቀን ፈቃድ የሰጣት ልጅ መውለድ የአገር ሥራ ስለሆነ ነው፤ አንተ ግን እናት መሆኗን ከነጥቧ ትቀንስባታለህ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣም ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬም ፈተናውን ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ አድርገህ በክራንች የመጣውን ሰው «አርፍደሃል» ትለዋለህ።

ገንዘብ ለማይነካ ሥራ ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ የምትለውም ነገር ይታሰብበት። ዋስ የሚሆን ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ድኻ ነው፤ ስለዚህ በዋስ ስም የምታስቀረው ድኻውን ነው። ለመግቢያ ደረጃ ሥራ የሁለት ዓመት ልምድ የምትጠይቀውም እንዲሁ።

ወደ ደላላው እመለሳለሁ። በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ሕጉ አስቀምጧል። አንተ ግን ከቤት ሠራተኛዋ የመጀመሪያ ደመወዝ ትቆርጣለህ፣ ከጥበቃው ትቆርጣለህ፤ ቶሎ ተጣልተው እንዲወጡና ዳግም እንድታስገባቸው የምታደርግም አለህ። ወደ ዐረብ አገር የምትልከው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው በገቡ ጊዜ ቦሌ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደወረደ አገር አይቷል። ባዶ እግራቸውን የመጡ ነበሩ፤ አእምሯቸው የተነካ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አንተ ይህን ሁሉ ከልጅቱ አባት ታስከፍላለህ፤ በሬውን ያሸጥኸው አንተ ነህ። ዕድሜዋ ያልደረሰውን ልጅ 18 ሞላት ብለህ ትልካለህ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ውስጥ ከፎቅ ወድቃ ስትሞት እናቷ የምታለቅሰው ደም በማን ላይ ይሆናል? በደላላነት ያቆምኸውን ቤት አፍርሰው፤ የተረፉትን ፓስፖርቶች ዛሬ ለባለቤቶቹ መልስ።

አሁን ለሥራ ፈላጊው ልናገር። ተበድለሃልና ጥፋትህን እንደማላይ አድርገህ አትቁጠር።

ማስረጃ የገዛህ ሆይ፣ ስለ አንተ የሚከራከር ድህነትህ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሲደረግ ሐሰተኛ ዲግሪ ይዘው የተገኙ ስንት ኃላፊዎች እንደነበሩ ሰምተሃል። አንዳንዶቹ ዓመታት አገልግለው ነበር። አንተም ዛሬ የያዝኸው የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ወረቀት ተፈትነህ ያገኘኸው ካልሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የምትዘረጋው አንተ ነህ፣ መርፌ የምትወጋውም አንተ ነህ። አንድ ሰው በእጅህ ሲሞት ወረቀቱ አያድነውም። የገዛኸው ወረቀት ያስገባህ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ልጅ ቦታ ነው። በቀጣሪው ላይ ያየኸውን ሌብነት በራስህ ላይ ጽድቅ አታድርገው።

ጉቦ የሰጠህም አመልካች ከሰበብ አትጠለል። «ሁሉም ይሰጣል» ትላለህ። ዛሬ የሰጠኸውን ነገ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ከሌላው ታወጣዋለህ፤ ክፉው ልማድ ከሰው ሰው የሚሸጋገረው በዚህ ነው። «ሰው አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅህን ጓደኛ «ሙያ አለኝ» በለው። ያ መልስ ዛሬ ላያስቀጥርህ ይችላል። ግን ሲያስቀጥርህ ማንም አንገትህን አያስደፋህም።

ደግሞ ስንፍናህን በግፍ ስም አትሸፍነው። ብዙ ፋይል ከውድድሩ የሚወጣው በሙስና ሳይሆን በቸልታ ነው፤ በዚህ ዘርፍ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ማመልከቻ ደብዳቤህ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳትቀይረው ቀርቷል። ሲቪህን የጻፈልህ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጦ ካንተ በፊት በመቶ ሰው ስም ገብቷል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ትርፍ ጊዜህን መጽሐፍ በማንበብ እንደምታሳልፍ ተጽፏል። ፈታኙ በቅርቡ ያነበብኸውን መጽሐፍ ንገረኝ ሲልህ ዝም ትላለህ። በዚያች ዝምታ የተናገርኸው ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል፤ እውነተኛው ዲግሪህ እንኳን ይጠረጠራል። ኮምፒውተር ጥሩ እችላለሁ ብለህ ጽፈህ ኤክሴል ላይ ድምር ሥራ ስትባል እጅህ ይቆማል። ለምን ዋሸህ? እማራለሁ ብትል ኖሮ የሚያስተምርህ መሥሪያ ቤት አይጠፋም ነበር።

ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብበው። አካውንቲንግ ሲጠይቁ በማኔጅመንት አትመዝገብ፤ «ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ካለ ብቻ ሞክር። ከግል ድርጅት የምታመጣው የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲጠቀስ አድርግ፤ ይህ ስለጎደለ ብቻ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ሰዎች ሳይቆጠርላቸው ቀርቷል። አሠሪህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልሰጥም ካለህ መብትህ መሆኑን ንገረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሥራው ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለቃለ መጠይቅ ስትሄድ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ሳታውቅ አትግባ። የማታውቀውን ሲጠይቁህ አላውቅም በል፤ የምታውቀውን ግን አንገትህን ቀና አድርገህ ተናገር። የቀድሞ አለቃህን አትማ። በምዝገባም በፈተናም በቅጥርም ብር አምጣ የሚልህን ሁሉ ሌባ ነው ብለህ ተወው፤ በቴሌግራም «የምዝገባ» ብለው የሚጠይቁህን አስቀድመህ።

ተቀጥረህ ስትገባም አትተኛ። በዚሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገበት የለም፤ ከተደረገም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስለ ውሉ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጥህ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ በቀላሉ አይገፋም።

ስልክ የምታነሣው ሹም፣ የአንተ ኃጢአት ከሁሉ የረቀቀ ነው። አልፈረምህም፣ ገንዘብ አልተቀበልህም። «እስቲ እያት፣ ከቻልህ» ብቻ አልህ። ያ የሰው ሀብት ኃላፊ ግን ያንተን «ከቻልህ» ትእዛዝ አድርጎ ሰማው፤ አንተም እንደሚሰማው ታውቅ ነበር። የሚችል ዘመድ ካለህ እንደ ሰው ይወዳደር። የማይችል ከሆነ አስተምረው፣ ወይም ከራስህ ገንዘብ ርዳው። ለዘመድህ የምታደርገውን ቸርነት ከሌላው ሰው ልጅ መሶብ አታውጣ።

አሁን ስለ መመለስ። መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ዕንባ አላፈሰሰም፤ ገንዘቡን አወጣ። ግማሹን ለድኾች፣ በግፍ ከወሰድሁበት ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐ አባትህ ፊት ቀርበህ አልቅሰህ፣ ሰኞ ቢሮ ገብተህ ላጲሱን ካነሣህ ምንም አልተመለስህም።

ስለዚህ መጀመሪያ የወሰድኸውን መልስ። የሰጠህን ሰው ታውቀዋለህ፤ ስልኩ አለህ። ያጣኸው ከሆነ ለድኾች ስጠው እንጂ ቤትህ አታሳድረው። ቀጥሎ ያስቀረኸውን ሰው አስብ። አንደኛ ወጥታ ያባረርኻትን ልጅ ሌላ ክፍት ቦታ ሲገኝ በነጥቧ መሠረት እንድትጠራ አድርግ፤ በተጠባባቂነት የተያዘ ዝርዝር ካለህ ስሟን አስቀድም። ሊታረም የሚችል ውጤት ከሆነ ደግሞ ጥፋትህን ለሚመለከተው ኃላፊ ተናገር። ቦታህን ልታጣ ትችላለህ። ሌላው ሰው ያንተን በደል ተሸክሞ ሥራ ሳይኖረው መኖሩን አስብና ዝቅ በል።

ከዚያ በኋላ እጅህን እሰር። የፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍ፣ በኮድ ይታረም። ቃለ መጠይቁ ላይ እያንዳንዱ ፈታኝ ለብቻው፣ ከሌላው ጋር ሳይነጋገር፣ በእስክሪብቶ ይሙላና ቅጹን ተፈታኙ ከክፍሉ እንደወጣ ያስረክብ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ዘመድ ወይም የምታውቀው ሰው ካለህ አሳውቀህ ከፈታኝነት ውጣ። ውጤቱ ሲለጠፍ የጽሑፉና የቃለ መጠይቁ ነጥብ ለየብቻ ይለጠፍ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቀን ይሰጠው። ከሩቅ ላሉት በኢሜይልና በፖስታ መመዝገብ ይፈቀድላቸው። ያላለፉትንም አላለፋችሁም በላቸው፤ ስልክ ሲደወል እየደነገጠ የሚጠብቅ ሰው አለና። ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለመስረቅ የምታባክነውን ጊዜ ለእውነት ማዋል ብቻ ይበቃል።

አንተ በሐሰት ማስረጃ የገባህ፣ ሳያገኙህ በፊት ራስህ ውጣ። ከባድ ነው፤ ልጆች ይኖሩሃል። ነገር ግን ተይዘህ ስትወጣ ልጆችህ በዚያ ስም ይጠራሉ። የሚያስችልህን ትምህርት ተምረህ በእውነት ወደ ሥራ ተመለስ። ጉቦ የሰጠኸው ደግሞ ለሌላ ሰው «እኔ እንዲህ ነው የገባሁት» ብለህ መንገድ ማሳየትህን ዛሬ አቁም።

ነገ ጠዋት ቢሮህ ስትገባ መሳቢያህን ክፈትና በመካሄድ ላይ ያለውን የቅጥር ፋይል አውጣ። ገና ሳይፈተኑ የመረጥኸው ሰው ስም በልብህ ካለ ከልብህ ሰርዘው፤ ፈተናው ተጭበርብሮ ከሆነ ውድቅ አድርገህ እንደገና ፈትን። የተቀበልኸው ብር ካለ ሳምንቱ ሳያልቅ መልስ። በሰልፉ ላይ ተራ ቁጥር 214 የተጻፈለት ልጅ ፋይልም አብሮ ይነበብ፤ ችሎታው ከሁሉ ከበለጠ ቦታው የእርሱ ነው።